ሞንታርቦ

በሽታው ገና በወሬ ብቻ ሲመጣ፣
ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤
ከዚራ፣ ከማራገቢያው ስር፣ ላብ ከግንባሬ ሲወጣ፣
«ውድ ነዋሪዎቻችን» ብዬ ጀመርኩ።
አለቃዬ አንብቦ አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመረ፤
ዝግጅታችን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እሱ ነበረ።

«እጅዎን በሚፈስ ውሃ፣ በሳሙና፣ ቶሎ ቶሎ ይታጠቡ፤
ሁለት ሜትር ይራራቁ፤ ከቤት አይውጡ፤ አይሰብሰቡ።»

ማህተም አረፈበት። ሲስተር ወሰንየለሽ በኦሮምኛ፣
ረምዚ ባለ ባጃጁ ደግሞ መለሰው በሶማሊኛ።

ሞንታርቦውን ጣራው ላይ በከመነዳሪ ቁራጭ አስሮ፣
ሎተሪ በለፈፈበት አፍ የእኛን ጭንቅ አሳፍሮ፣
ከሳቢያን ተነስቶ፣ መጋላን ዞሮ፣ ገንደ ቆሬ ሲደርስ፣
አስፋልቱ ጎማው ላይ እየተጣበቀ፣ አየሩ በሙቀት ሲላወስ፣
እኔም ከኋላ ነበርኩ፣ የራሴን ቃል ለመስማት፤
ለምን እዋሻለሁ? ጮክ ሲል አማረኝ፤ ደስ አለኝ በእውነት።

ከቦኖው አጠገብ ባጃጁ ቆመ።
ቢጫ ጀሪካን ከቢጫ ጀሪካን ኋላ ተጋደመ፤
ሰው አይደለም፣ ዕቃው ነው የተሰለፈለት፣
ሰውማ ትከሻ ለትከሻ ተጠግቷል፣ የግድግዳ ጥላ ባለበት።
«በሚፈስ ውሃ» ሲል ሞንታርቦው፣ አንዲት ልጅ ሄዳ ቧንቧውን ከፈተች፤
ቧንቧው እንደ በሽተኛ ሳለ።
ዘጋችው። እጇን በቀሚሷ እያበሰች ወደ እኛ አየች።

«ሁለት ሜትር?» አለች ሂንዲያ፣ ቲማቲሟን ከቀፊራ ተሸክማ።
«አቦ፣ ቤቴ ራሱ ሦስት ሜትር ነው!
ሰባት ነን። ማንን ላውጣ? ስሙን ንገሩኝና ልስማ።»

ከዚያ አቶ ኢብሮሽ ተነሱ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፤
ለእሳቸው ሞንታርቦ ምን ያደርጋል፣ ዕድሜ ልካቸውን የፉርጎ እረኛ።
«ልጄ፣ ያንን ነሐሴ ታስታውሳለህ? ደቻቱ በሌሊት የመጣ ለት?
ጎርፉ ሳይናገር መጣ።
እናንተ ደግሞ ሳትመጡ ትናገራላችሁ።»

ረምዚ ማጥፊያውን ተጫነ።
በጀት ልል ነበር። ደብዳቤ ልል ነበር።
«ከሚመለከተው አካል ጋር» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነ።

ሦስት ቀን ፈጀ። ከተማው አንድ ደህና ቦቴ ነበረው፣
የአደባባዩን አበባ የሚያጠጣ፤ ማን ፈርሞ ያንቀሳቅሰው?
ይሄኛው ቢሮ ወደዚያኛው፣ ያኛው ወደዚህኛው ሲልክ፣
ሲስተር ወሰንየለሽ ከሾፌሩ ጋር ተነጋገረች፣ ማንንም ሳትለምን፣ በስልክ።

አዲሱን ማስታወቂያ በጉልበቴ ላይ፣ በባጃጁ ውስጥ ጻፍኩት፦
«ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ገንደ ቆሬ ቦኖው ጋ ቦቴ ይመጣል።
ሾፌሩ አጥናፉ ይባላል።
ካልመጣ፣ ቢሮ ቁጥር አራት ነኝ፤ መጥታችሁ ጥሩኝ።»

«‹ውድ ነዋሪዎቻችን› የት ሄደ?» አለ አለቃዬ።
ማህተሙን አልሰጠኝም። ያለ ማህተም ለፈፍነው።

ቦቴው አርባ ደቂቃ ዘግይቶ መጣ።
አቶ ኢብሮሽ ሰዓታቸውን አዩ፦ «ባቡሩም ይዘገይ ነበር፤
ግን እንደሚመጣ እናውቅ ነበር።»
ልጅቷ እጇን ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች፤ ውሃው እንዳያልቅባት ሮጣ
እናቷን ጠራች። ሂንዲያም ታጠበች።
ያን ቀን ርቀት የጠበቀ አንድም ሰው አላየሁም፤
ልቆጣም አልቻልኩም።

በሽታው ግን የመጣው ከውሃው በፊት ነበር፣ ያን ሦስት ቀን፣
እኛ ፊርማ ስንፈልግ፣ ወረቀት ስንቀባበል፣ ስንባክን።

በሰኔ አንድ ምሽት፣ ለሬዲዮ የሚነበበው ቁጥር መጣልኝ፦
«በድሬዳዋ ሁለት ሰዎች።»
ቁጥር ስም የለውም። አንደኛውን ግን አውቀዋለሁ፤
ከቀፊራ ቲማቲም ተሸክሞ ይመጣ ነበር።
በሚገባ አማርኛ ጻፍኩት፣ ነጠላ ሰረዙን ሳልረሳ።

እዚያ ቤት አሁን ስድስት ናቸው።
ሦስት ሜትሩ ያው ሦስት ሜትር ነው።